ከስትሮክ በኋላ፦ አረጋውያን በማገገሚያ ሕክምና ወደ ኑሯቸው የሚመለሱት እንዴት ነው?

በአዲስ አበባ፣ በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከጊዮርጊስ ወደ መርካቶ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘውን አትክልት ተራን የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ ብዙ አይደለም። ለአሥርተ ዓመታት ከየገጠሩ በጭነት መኪና የመጣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጎመንና ቲማቲም የሚራገፍበት፣ ቸርቻሪውም ጎህ ሳይቀድ የሚሻማበት ቦታ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደ ተሠራው የገበያ ማዕከል ተዛውሯል። ስሙ ግን ከቦታው አልተነሣም፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ቀጥሎ ያለውን ጣቢያ «አትክልት ተራ» ብሎ ሰይሞታል።

በዚያ ገበያ ሽንኩርት እየመዘኑ፣ ጎመን እያሰሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶችና አባቶች ዛሬ አርጅተዋል። ለአብነት ያህል አንዲት የ68 ዓመት እናት እናስብ። አንድ ቀን ማለዳ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። ሆስፒታል ገቡ፤ ሕይወታቸው ተረፈ፤ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ልጆቻቸው እናታቸውን እጅግ ስለሚወዱ አልጋ አነጠፉላቸው፤ አጎረሷቸው፤ አጠቧቸው፤ ሊነሡ ሲሞክሩም «አይነሡ እማማ፣ ይረፉ» አሏቸው። ጠያቂው ሁሉ እንዲሁ አለ። ሦስት ወር አለፈ። እኚህ እናት አሁንም አልጋ ላይ ናቸው።

እኚህ እናት በምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ ነገር ግን ስትሮክ የገባበት ቤት ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ዋና ነገርም ይኸው ነው፦ አረጋውያንን የምናከብርበት ልማድ፣ ይኸውም ሁሉን ነገር እኛ እንሥራላቸው ማለታችን፣ ከስትሮክ በኋላ የመዳን ዕድላቸውን ሊቀንሰው ይችላል። ማገገም የሚገኘው በባለሙያ ምሪት፣ በጊዜው ተጀምሮ፣ በየዕለቱ በሚደጋገም ሥራ ነው።

ስትሮክ ምንድን ነው?

ስትሮክ ማለት ወደ አንድ የአንጎል ክፍል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ የሚደርስ ጉዳት ነው። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚመጣው ሲሆን፣ ሁለተኛው የደም ሥር ፈንድቶ ደም ወደ አንጎል ሲፈስስ የሚመጣው ነው። በዓለም ላይ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ግን የሁለተኛው ድርሻ ከበለጸጉት አገሮች ከፍ ብሎ ይታያል። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሳይታወቅና ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው። በአገራችን በልጅነት ጉሮሮ ሕመም ምክንያት የሚመጣው የልብ በሽታም ገና በወጣትነታቸው ሰዎችን ለስትሮክ ይዳርጋል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሕመም ምች ነው ይላል፤ ሌላው መተት ነው፣ ልክፍት ነው ይላል። ይህ አነጋገር የሚያስከፍለው ዋጋ ጊዜ ነው። ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ነው ብሎ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ይገባል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ በሚገኝበት ቦታ፣ ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከዚያ በፊትም የአንጎል ሲቲ ስካን መነሣት ያስፈልጋል። ምርመራው ሳይደረግ በቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠት አይገባም፤ የፈሰሰ ደም ካለ ያባብሰዋልና።

የግራ አንጎል የቀኝን አካል፣ የቀኝ አንጎል ደግሞ የግራን አካል ያዝዛል። በአብዛኛው ሰው ዘንድ የንግግር ችሎታ ያለው በግራ አንጎል ውስጥ ስለሆነ፣ ቀኝ ጎኑ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ንግግሩም ይያዛል።

ከታሪካችን ሁለት ሕሙማን

ከአትክልት ተራ ጥቂት እልፍ ሲባል፣ በጊዮርጊስ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ በ1923 ዓ.ም. የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ይገኛል። ፈረሳቸው ላይ ሆነው የምናያቸው እኚህ ንጉሠ ነገሥት የሕይወታቸውን የመጨረሻ ዓመታት ያሳለፉት በስትሮክ ተይዘው ነው። ሕመሙ ከ1898 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲደጋግማቸው ቆይቶ፣ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው የመታቸው ስትሮክ ሰውነታቸውንና ንግግራቸውን ወሰደ። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በዚህ ሁኔታ ኖረው አረፉ። እቴጌ ጣይቱም በ1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ጉዳይ እንዲርቁ ከተደረገ በኋላ የቀራቸው ዋና ሥራ ባላቸውን ማስታመም ነበር። እንግዲህ በፒያሳ በስማቸው የሚጠራ ሆቴል ያላቸው እኚህ እቴጌ፣ ስትሮክ የመታውን ሰው በቤት ካስታመሙት ኢትዮጵያውያን እናቶች አንዷ ናቸው ማለት ይቻላል። ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል አቋቁመዋል፤ የውጭ አገር ሐኪሞችም ነበሯቸው። በዚያ ዘመን ግን ዛሬ የምናውቀው የስትሮክ ማገገሚያ ሕክምና በየትኛውም አገር ቢሆን ገና አልተደራጀም ነበር።

ሁለተኛው ሕመምተኛ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ናቸው። በጥር 1965 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው ከባድ ስትሮክ መትቷቸው ለሕክምና ወደ ለንደን ተወሰዱ። ግማሽ አካላቸውና ንግግራቸው ተጎድቶ ነበር፤ ጉዳቱም ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም። ሆኖም ከዚያ በኋላ 24 ዓመት ኖረው በጥር 1989 ዓ.ም. በስደት ሳሉ አረፉ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ከስትሮክ በኋላ የሚኖረው ዘመን ረጅም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ተርፈዋል፣ ይበቃል» ብሎ ማቆም አይገባም፤ የተረፈው ሕይወት እንዴት ይኖራል የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንጎል እንዴት ያገግማል?

የሞተ የአንጎል ክፍል አይነሣም። ታዲያ ሽባ የሆነ እጅ እንዴት ይንቀሳቀሳል? በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በተጎዳው ክፍል ዙሪያ ያለው እብጠት ሲቀንስ፣ ደንግጦ ሥራ ያቆመው ነገር ግን ያልሞተው ክፍል ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ጤነኛው የአንጎል ክፍል የጠፋውን ሥራ ይማራል፤ በነርቮች መካከል አዳዲስ ግንኙነት ይፈጠራል። ይህ ሁለተኛው መንገድ የሚከፈተው በመደጋገም ነው። አንድ ሕፃን መራመድን የሚማረው ስለ መራመድ ስለ ተነገረው ሳይሆን በቀን ብዙ ጊዜ እየወደቀ ስለሚነሣ ነው። አንጎልም ከስትሮክ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ይማራል።

ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ በሩ አይዘጋም፤ ከስድስት ወር፣ ከዓመትም በኋላ የሚሻሻሉ አሉ። ከላይ በምሳሌ ያነሣናቸው እናት «ይረፉ» እየተባሉ ያሳለፏቸው ሦስት ወራት ከሁሉ የከበሩት ወራት ነበሩ።

ነገር ግን ይህ ማለት በመጀመሪያው ቀን ሕመምተኛውን አስነሥቶ ማስኬድ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ፣ በአምስት አገሮች 2104 ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ብዙ ማንቀሳቀስ ውጤቱን እንደሚያሳንስ አሳይቷል። ስለዚህ መቼና ምን ያህል የሚለውን የሚወስነው ሕመምተኛውን የሚያየው ባለሙያ ነው።

የማገገሚያ ባለሙያዎች እነማን ናቸው?

በተሟላ የማገገሚያ ሕክምና ውስጥ ብዙ ሰዎች ይሳተፋሉ። ሐኪሙ የደም ግፊቱን፣ ስኳሩንና ልቡን ይከታተላል። ነርሷ የቆዳውን፣ የሽንቱንና የመድኃኒቱን ነገር ታያለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው መቀመጥን፣ መነሣትን፣ መራመድን ያስተምራል። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ልብስ መልበስን፣ መታጠብን፣ ማብሰልን የመሳሰለውን የዕለት ሥራ ያለማምዳል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ደግሞ ንግግርንና መዋጥን ይመለከታል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ክፍል ተቀናጅተው በሚሠሩበት ሆስፒታል የታከሙ ሕሙማን ከሌሎቹ ይልቅ በሕይወት የመኖርም ራሳቸውን የመቻልም ዕድላቸው የተሻለ መሆኑ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። በእንግሊዝና በአየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው መመሪያ ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ በሳምንት ቢያንስ አምስት ቀን፣ በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት የማገገሚያ ሕክምና እንዲሰጥ ይመክራል።

በአገራችን የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት እንደ ጥቁር አንበሳ፣ ዳግማዊ ምኒልክና አለርት ባሉ ሆስፒታሎች ይሰጣል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ለዓመታት ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ በቅርብ ዓመታትም የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ጀምሯል። ሆኖም የባለሙያው ቁጥር ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ የኦኩፔሽናልና የንግግር ሕክምና ባለሙያማ ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል። ብዙ ቤተሰብ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀጠሮ ካገኘ ትልቅ ነገር ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ከሚለው መመሪያ ጋር ስናስተያየው ክፍተቱ ግልጽ ነው። የቀረውን ሰዓት የሚሞላው ቤት ነው።

ቤተሰብ ብቻውን ይበቃልን?

«እንግዲያው ባለሙያ ከሌለ እኛው እንሠራዋለን» የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሐሳብ በሕንድ አገር ተፈትኗል። በ14 ሆስፒታሎች 1250 ሕሙማን ተሳትፈው፣ የግማሾቹ ቤተሰቦች ጥቂት ሥልጠና አግኝተው በቤታቸው ማለማመዱን እንዲመሩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም።

ይህ ውጤት ቤተሰብ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጥቂት ቀን ሠልጥኖ ለብቻው የተተወ ቤተሰብ የባለሙያን ቦታ ሊተካ አይችልም ማለት ነው። ባለሙያው ይመረምራል፣ ግብ ያወጣል፣ ስሕተትን ያርማል፣ ሕመምተኛው ሲሻሻል ልምምዱን ያከብደዋል። ቤተሰቡ ደግሞ የታዘዘውን በየዕለቱ ይደጋግማል። ስለዚህ ወደ ቀጠሮ ስትሄዱ ሕመምተኛውን አድርሳችሁ ውጭ አትቀመጡ። አብራችሁ ግቡ፤ ባለሙያው የሚያደርገውን በዓይናችሁ ዐይታችሁ በእጃችሁ ሞክሩት፤ ፈቃድ ከተገኘም በስልካችሁ ቅረጹት። «እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በቤት ምን እንሥራ? በቀን ስንት ጊዜ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በቤት ውስጥ ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች

*ትከሻ።* የዛለውን ክንድ ይዛችሁ አትጎትቱ። ጡንቻው ስለላላ ትከሻው ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ ሕመሙም ለወራት ልምምድን ያስተጓጉላል። ሲያስነሡ ወገብን ወይም ጠንከር ያለ መቀነትን መያዝ ይሻላል። ሲቀመጡ ክንዱ በትራስ ይደገፍ፤ ሲተኙም ተንጠልጥሎ አይቅር።

*መገላበጥ።* ራሳቸውን መገላበጥ የማይችሉትን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል። አለዚያ ተረከዝ፣ ዳሌና ጀርባ ይቆስላል።

*ምግብና ጉርሻ።* ከስትሮክ በኋላ የመዋጥ ችግር የተለመደ ነው። ምግብ ወይም ውኃ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ ይህም ሕይወት ይቀጥፋል። ስለዚህ በሆስፒታል መዋጥ መቻላቸው ሳይመረመር ምንም አይሰጣቸው። ከተፈቀደላቸው በኋላም ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ፣ ያለ ጥድፊያ ይመገቡ። በተኙበት ውኃ ማጠጣት አደገኛ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከወፍራሙ ይልቅ ያስቸግራል፤ አጥሚቱ ምን ያህል ይወፍር የሚለውን ባለሙያውን ጠይቁ። ጠያቂዎችም በፍቅር ትልቅ ጉርሻ እንዳያጎርሱ በትሕትና ማስገንዘብ ይገባል። ሲመገቡ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው የሚርጥብ ከሆነ አቁማችሁ ለሐኪም ንገሩ።

*ከወንበር መነሣት።* ከሁሉ ልምምድ ይህን የሚያህል ጠቃሚ ጥቂት ነው። ዱካ ዝቅ ስለሚል ለመነሣት ይከብዳል፤ ከፍ ያለ፣ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፋችሁ አዘጋጁ። እግራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ ደረታቸውን ወደ ፊት አዘንብለው ይነሡ፤ ቀስ ብለውም ይቀመጡ። ባለሙያው በፈቀደው ቁጥር በየቀኑ ይደጋገም። እናንተ በዛለው ጎን ቁሙ፤ ነገር ግን መነሣቱን ራሳቸው ይሥሩት።

*መራመድ።* ከዘራ የሚያዘው በጤነኛው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የዛለው እግር ይቅደም። ነጠላ ጫማ እግር ስለሚያመልጥ ከኋላው የሚይዝ ጫማ ይደረግ። በፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎች የለመዱት የግቢ የጋራ መጸዳጃ ቁጢጥ የሚያስብል ነው፤ ለእነዚህ ሕሙማን መሐሉ የተቆረጠ ወንበር አናጺ ዘንድ ማሠራት ብዙ ውድቀትንና እፍረትን ያስቀራል።

*ግራውን መርሳት።* ቀኝ አንጎላቸው የተጎዳ አንዳንድ ሕሙማን በግራቸው ያለውን ነገር ዓይናቸው እያየ አያስተውሉትም። ከትሪው ላይ በቀኝ በኩል ያለውን በልተው የግራውን እንዳለ ይተዉታል። ቤተሰብ «አልጣፈጣቸውም» ይላል፤ ነገሩ ግን የሕመሙ አካል ነው። ትሪውን አዙሩላቸው፤ በግራቸው በኩል ሆናችሁም አነጋግሯቸው፤ ወደዚያ እንዲመለከቱም አስታውሷቸው።

*ንግግር።* መናገር ያቃተው ሰው አእምሮው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የሚባለውን ይረዳሉ፤ ቃሉ ግን አይመጣላቸውም። እንደ ሕፃን አታነጋግሯቸው፤ በፊታቸውም ስለ እነርሱ እንደሌሉ ሆናችሁ አታውሩ። አጭር ጥያቄ ጠይቁ፤ በራስ ንቅናቄ «አዎን» ወይም «አይደለም» እንዲሉ አድርጉ፤ ጊዜም ስጡ። የሚያስደንቀው ነገር፣ አንድ ቃል መናገር ያቃታቸው አንዳንድ አረጋውያን ከልጅነታቸው የሚያውቁትን መዝሙር ከነቃሉ መዘመር ይችላሉ። ዜማ በአብዛኛው በቀኝ አንጎል ስለሚያዝ ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዜማን መነሻ ያደረገ የንግግር ሕክምናም ተዘጋጅቷል። መዘመር ብቻውን ንግግርን ባይመልስም፣ ለወራት ዝም ያለ ሰው ከወገኖቹ ጋር ድምፁን ሲያሰማ የሚሰጠው ደስታ ትልቅ ነው።

የገበያው ሥራ ልምምድ ሲሆን

ለማገገም ከሁሉ የሚበጀው ልምምድ ሕመምተኛው ሊሠራው የሚፈልገው የራሱ ሥራ ነው። ኳስ መጨበጥ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜያቸውን በአትክልት ገበያ ላሳለፉ እናት ኳስ ምናቸው ነው? የበሰለውን ቲማቲም ካልበሰለው መለየት፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ምስር መልቀም፣ ድንች ከአንድ ሳፋ ወደ ሌላው ማዛወር፣ የብር ኖት ቆጥሮ መልስ መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ የእጅ፣ የዓይንና የአእምሮ ልምምዶች ናቸው። የዛለው እጅ ጥቂትም ቢሆን የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ በባለሙያ ምክር ጤነኛውን እጅ በቀን ለተወሰነ ሰዓት በማሰር የዛለውን እጅ ሥራ ማስገደድ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ቢላዋና የፈላ ነገር ግን ይራቅ፤ የዛለው እጅ ትኩሳትን ላይሰማ ይችላልና።

ግብም ይኑር። «መዳን» የሚለው ግብ ሰፊ ነው። «በዚህ ወር ከአልጋ ወደ ወንበር ያለ እርዳታ መሻገር፣ በሚቀጥለው እስከ ግቢው በር መድረስ፣ ከዚያም እስከ ጉሊቷ ሄዶ ሽንኩርት መርጦ መግዛት» የሚለው ግን የሚለካ ነው። ሥራው ሰዓት ይፈጅ ይሆናል፤ ነጠላቸውን ራሳቸው ለመልበስ ሲታገሉ እያያችሁ እጃችሁን መሰብሰብ ይከብዳችሁ ይሆናል። ያ ዝግታ ግን ሕክምናው ነው።

ሁለተኛው ስትሮክ እንዳይመጣ

ከሚደርሱት ስትሮኮች ወደ ሩብ የሚጠጉት ቀድሞ ስትሮክ በነበረበት ሰው ላይ የሚደገሙ ናቸው። ምኒልክም በአንዱ አልቀረላቸውም። ስለዚህ የግፊት መድኃኒት የማገገሚያው አንድ ክፍል ነው። ለብዙዎቹ ሕሙማን ሐኪሞች የሚፈልጉት ግፊቱ ከ130/80 በታች እንዲሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያልበለጠ፣ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል፤ በበርበሬና በሽሮ ውስጥ የገባውም ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአማኞች አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ከተጸለየላቸው በኋላ ደኅና ስለተሰማቸው ብቻ መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ አሉ። የደም ግፊት ግን ሳይሰማ የሚገድል ሕመም ነው፤ መኖሩም መጥፋቱም የሚታወቀው በመለካት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። የሚጸልይ ሰው መድኃኒቱን እየዋጠ ይጸልይ፤ መቀነስ ወይም ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ ለክቶ ይወስን።

ኀዘኑና አስታማሚው

ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ወደ ሲሶ የሚሆኑት በድብርት ይያዛሉ። ልምምድ እምቢ ማለት፣ ማልቀስ፣ ምግብ መተው፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ ለሐኪሙ ይነገር። አስታማሚውም አይረሳ። ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ሥራዋን ትታ ሌሊትና ቀን ትቆማለች። ወገቧ ይታመማል፤ እንቅልፍ ታጣለች፤ ማንም ግን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አይላትም።

በፒያሳ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ነዋሪዎች ከነባር ሰፈራቸው ተነሥተው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። ለጤነኛው ሰው ይህ የመጓጓዣ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ስትሮክ ለመታው አረጋዊ ግን የሚያስነሣው ጎረቤት፣ ግፊቱን የሚያውቀው ጤና ጣቢያ፣ የሚጠይቀው እድርተኛም ርቀውታል። የተዛወሩ ቤተሰቦች በመጀመሪያው ሳምንት ማድረግ የሚገባቸው የሕክምና ወረቀቶችን ሰብስበው በአዲሱ አካባቢ ጤና ጣቢያ መመዝገብ፣ በወረዳውም ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መጠየቅ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም እዚህ ላይ ሥራ አላት። የቤት ኅብረት አባላት መጥተው ጸልየው፣ ሻይ ጠጥተው መሄዳቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዚያ የሚበልጥ ማድረግ ይችላሉ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን ተሸክመው ያመጡት አራት ሰዎች ነበሩ። ከአንድ ኅብረትም አራት ሰዎች ሥራውን ቢካፈሉት፦

1. አንዱ በየሳምንቱ የደም ግፊት ይለካል፤ ቁጥሩንም በደብተር ይጽፋል።
2. አንዱ ለፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ያመላልሳል፤ የትራንስፖርቱን ወጪም ያግዛል።
3. አንዱ በሳምንት ግማሽ ቀን ሕመምተኛውን እየጠበቀ አስታማሚዋን ያሳርፋል።
4. አንዱ ባለሙያው ያዘዘውን ልምምድ አብሮ ይሠራል፤ አብሮም ይዘምራል።

ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። እያንዳንዱ ሕመምተኛ የተለየ ነው፤ አንዳንዱ በወራት ውስጥ ይራመዳል፣ ሌላው ደግሞ ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገሩ ትልቅ ድሉ ይሆናል። ሁለቱም ድል ነው።

ወደ ጀመርንባቸው እናት እንመለስና እናብቃ። ሦስት ወር ቢያልፍም አልዘገየም። ነገ ጠዋት ልጃቸው ከአጠገባቸው ቆማ «አይነሡ እማማ» በማለት ፈንታ «እማማ፣ ይነሡ፤ እኔ በጎንዎ ነኝ» ብትላቸው፣ ማገገሙ በዚያ ቃል ሊጀምር ይችላል። ባለሙያውን ጠይቁ፤ ጊዜውን ተጠቀሙበት፤ አረጋውያንንም የሚችሉትን ራሳቸው እንዲሠሩ በመፍቀድ አክብሯቸው።